የጎነቆለ ገብስ በሚዛን ላይ፦ ያለ አፈር የሚበቅል መኖ ታሪክ

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ገብስ ያለ አፈር ሲበቅል ኖሯል። ባለሞያዋ እመቤት እህሉን ለቅማ በውሃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ውሃውን አጥልላ በጉሎ ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍና ታኖረዋለች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ፍሬው ጎንቁሎ፣ ሥሩ እርስ በርሱ ተሳስሮ ታገኘዋለች። ከዚያ ወዲያ እንዲያድግ አትተወውም። በፀሐይ አስጥታ ታደርቀዋለች፤ ብቅል የሚባለውም ይኸው ነው። ከጠላው የሚተርፈው አተላ ለላሟ ወይም ለበሬው ይሰጣል። ብቅሉን ራሱን ግን ለከብት የሚያቀርብ ቤት የለም። ገብሱ ጎንቁሎ ሲደርቅ ከቀድሞው ክብደቱ የቀለለ መሆኑ በእጅም የሚታወቅ ነገር ነው፤ የቀለለውም ለመጠጡ ሲባል የተከፈለ ዋጋ ተደርጎ ይቈጠራል።

ያንኑ የጎነቆለ ገብስ ከማድረቅ ይልቅ በትሪ ላይ አንጥፈው ውሃ እየረጩ እስከ ሰባተኛው ወይም እስከ ስምንተኛው ቀን ቢያቆዩት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ለምለም ሣር ይሆናል። ሥሩ ከታች እንደ ምንጣፍ ተጠላልፎ ስለሚይዝ እየተጠቀለለ ይነሣል፤ ከብቱም ቅጠሉን፣ ሥሩንና የፍሬውን ቅሬታ ምንም ሳያስቀር ይበላዋል። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ገብስ በስምንተኛው ቀን ስድስት ኪሎ ግራም፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ የሚመዝን ለምለም መኖ ሆኖ ይገኛል። ማረሻ አይነካውም፤ ዝናም አይጠበቅለትም፤ የሚፈልገውም ቦታ ከአንዲት ጠባብ ክፍል አይበልጥም። ሃይድሮፖኒክ መኖ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ነው።

ትዕይንቱ አስደናቂ መሆኑን የሚክድ የለም። የሚያከራክረው አንድ ኪሎ ስድስት ኪሎ ሆነ ሲባል የጨመረው ምን እንደ ሆነ ነው። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሲጠየቅ፣ በሙከራ ሲመለስና ተመልሶ ሲረሳ የኖረ ነው። የመርሳቱም ዋጋ ቀላል ሆኖ አልተገኘም፤ አርቢው ገንዘቡንና እህሉን አጥቶበታል። መሣሪያውን የመንደፍና የመምከር ኃላፊነት በባለሙያ ላይ በሚወድቅበት በአሁኑ ጊዜ ታሪኩን ከመነሻው መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የብቅል ቀረጥ ክርክር

በእንግሊዝ አገር በብቅል ላይ ቀረጥ የተጣለው በ1697 ነበር። ቀረጡ ከቢራ የሚገኘውን የመንግሥት ገቢ ለማዳበር የታሰበ ቢሆንም ገብስ የሚያመርቱት ገበሬዎች ሸክሙ በእነርሱ ላይ መውደቁን ይናገሩ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ቅሬታው አዲስ መልክ ያዘ። ብቅል ጣፋጭና ለመፈጨት የቀለለ በመሆኑ ከብትን ከገብስ ይልቅ ያወፍራል፣ የላምንም ወተት ያበዛል፤ ስለዚህ ቀረጡ የሰውን መጠጥ ብቻ ሳይሆን የከብትንም ቀለብ ነጥቋል የሚል ክርክር ተነሣ። ከብቶች ብቅልን በደስታ እንደሚበሉ ማንም ያየው ነገር ስለ ነበር አባባሉ ብዙ ደጋፊ አገኘ፤ በመጨረሻም ለፓርላማ ቀረበ።

መንግሥት ክርክሩን በሙከራ ለመፍታት መፈለጉ የሚያስመሰግነው ነው። በ1840ዎቹ አጋማሽ ግላስጎው የነበሩት ኬሚስት ሮበርት ዳንዳስ ቶምሰን ላሞችን አንድ ጊዜ በገብስ፣ አንድ ጊዜ በብቅል እየቀለቡ ወተቱንና ቅቤውን መዘኑ፤ ውጤቱንም በ1846 በመጽሐፍ አወጡ። ገብሱ ከብቅሉ በልጦ ተገኘ። ገበሬዎቹ ግን በዚህ አልረኩም። ስለዚህ በ1863 እና በ1864 ጉዳዩ ለሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሊቃውንት፣ ለጆን ቤኔት ሎዝና ለጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት በመንግሥት ትእዛዝ ተመራ።

የሎዝና የጊልበርት ብልሃት ከውጤቱ ባላነሰ ሊታወስ የሚገባው ነው። አንድ ኪሎ ገብስን ከአንድ ኪሎ ብቅል ጋር አላወዳደሩም። እንዲህ ዓይነቱ ውድድር ብቅሉን ለመሥራት የጠፋውን እህል ይሰውራልና ነው። እነርሱ ያወዳደሩት አንድ የተወሰነ መጠን ገብስን፣ ከዚያው መጠን ገብስ ተሠርቶ ከተገኘው ብቅልና ከተራገፈው የብቅል ሥር ጋር ነው። በ1866 በቀረበው ዘገባ የደረሱበት ፍርድ፣ አንድ መጠን ገብስ እንዳለ ቢበላ ከእርሱ ሊሠራ ከሚችለው ብቅል የበለጠ ወተትና የበለጠ ሥጋ ይሰጣል የሚል ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስተን በበኩላቸው በ1864 ለከብት የሚውል ብቅል ያለ ቀረጥ እንዲሠራ የሚፈቅድ ሕግ አስወጥተው ነበር፤ ለቢራ እንዳይዞርም ከተልባ ጋር ተደባልቆ እንዲሸጥ ተደረገ። ቀረጡ ጨርሶ የተሻረው በ1880 ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን የብሪታንያ አርቢ ብቅልን የዘወትር መኖ አላደረገውም።

የዚህ ምክንያት በፍሬው ውስጥ ነው። የገብስ ፍሬ ሲጎነቁል መተንፈስ ይጀምራል። ያከማቸውን ስታርች በኢንዛይም ኃይል ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ከስኳሩም ከፊሉን አቃጥሎ ለማደጊያው ኃይል ያደርገዋል። የተቃጠለው ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። በተከመረ ብቅል ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው የሚሰማው ሙቀት ይኸው የሚቃጠለው እህል ሙቀት ነው። ብቅል የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህንና ከሥሩ መራገፍ የሚመጣውን ጉድለት አስቀድመው ይቈጥሩታል፤ በጠቅላላው ከገብሱ ደረቅ ክብደት ከመቶ 10 እጅ አካባቢ ይደርሳል።

ያለ አፈር የማብቀል ጥበብ

የሃይድሮፖኒክ መኖ ስሙን ያገኘው ከብቅል ቤት ሳይሆን ከዕፀዋት ሳይንስ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ውድዋርድ በ1699 ባሳተሙት ጥናት የናና ተክል በዝናም ውሃ፣ በወንዝ ውሃና አፈር በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ አብቅለው የእድገቱን ልዩነት መዝነው ነበር። አፈሩ የገባበት ውሃ በልጦ በመገኘቱ ዕፀዋት ከውሃ ሌላ የሚወስዱት ነገር መኖሩን ተረዱ። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ለይተው ያሳወቁት በ1860ዎቹ ጀርመናውያኑ ዩልየስ ፎን ዛክስና ቪልሄልም ክኖፕ ናቸው። የታወቁ ጨዎችን በንጹሕ ውሃ አሟምተው፣ አፈር የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ተክልን ከዘር እስከ ፍሬ ማድረስ እንደሚቻል አሳዩ።

ይህ የላቦራቶሪ ዘዴ ወደ እርሻ የተሻገረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በነበሩት በዊልያም ገሪኬ ዘመን ነው። ገሪኬ በ1929 ዘዴውን ለምርት ለማዋል እንደሚቻል ጽፈው አሳወቁ፤ በ1937 ደግሞ «ሃይድሮፖኒክስ» የሚለውን ስም ለዓለም አስተዋወቁ። በውሃ ገንዳ ላይ ያበቀሉት ረዣዥም የቲማቲም ተክል በጋዜጦች ላይ ሲታተም የሕዝቡ ጉጉት ከልክ አለፈ። ማረሻ የማያስፈልግበት ዘመን መጣ የሚሉ ጽሑፎች በዙ። ዩኒቨርሲቲውም ነገሩን እንዲያጣሩ ዴኒስ ሆግላንድንና ዳንኤል አርኖንን መደበ። ሁለቱ በ1938 ባወጡት ጽሑፍ ተክሉ ብርሃን፣ ሙቀትና ምግብ በእኩል እስካገኘ ድረስ በውሃ የሚገኘው ምርት ከጥሩ አፈር ምርት የሚበልጥበት ምክንያት እንደሌለ ገለጡ። የዘዴው ጥቅም አፈር በሌለበት ወይም አፈሩ በማይረባበት ሥፍራ መሆኑንም ዘመኑ ራሱ አረጋገጠ። በሰላማዊ ውቅያኖስ በምትገኘው በዌክ ደሴት ላይ ለአውሮፕላን መንገደኞች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በአሴንሽን ደሴት ለሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች አትክልት በዚሁ መንገድ ተመርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። የገሪኬ ቲማቲም ወራት ሙሉ ከፀሐይ ብርሃንና ከተሟሟው ጨው አዲስ ነገር እየሠራ የሚያድግ ተክል ነበር። በስምንተኛው ቀን የሚበላው የገብስ ቡቃያ ግን ዕድሜውን ሁሉ ማለት ይቻላል የሚኖረው ፍሬው ውስጥ በተከማቸው ስንቅ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ከብርሃን መመገብ ሲጀምር የመታጨጃው ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ቡቃያው በውሃ ይበቀል እንጂ በአሠራሩ ከቲማቲሙ ይልቅ ለብቅሉ የቀረበ ነው። የሎዝና የጊልበርት ፍርድ የሚመለከተውም ስለዚህ ነው።

የቁም ሣጥኑ ዘመን

በሰሜን አውሮፓ ክረምት ከብቶች ለብዙ ወራት በበረት ውስጥ ድርቆሽና ሥራ ሥር እየበሉ ይከርማሉ። በ1930ዎቹ በጀርመንና በብሪታንያ ለገበያ የቀረበው መሣሪያ የታለመው ለዚህ ችግር ነበር። ትሪዎች እንደ መሳቢያ የተደረደሩበት ቁም ሣጥን ሆኖ፣ አርቢው በየቀኑ አንዱን መሳቢያ ዘርቶ ሌላውን የሚያጭድበት ነው። በረዶ በሸፈነው አገር በጥር ወር አረንጓዴ ሣር ማየት ለአርቢው ትልቅ ነገር ነበር። ዘመኑ ደግሞ የቫይታሚኖች ምሥጢር በየዓመቱ የሚገለጥበት ስለ ነበር፣ የሻጮቹ ማስታወቂያ ቡቃያው ከተለካው የምግብ ይዘት በላይ የተሰወረ ኃይል አለው እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ሰብስበው የመረመሩት በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ በእንስሳት ሥነ ምግብ ቢሮ ይሠሩ የነበሩት ኢዛቤላ ሊች ናቸው። ሊች ቀደም ሲል በኮፐንሃገን ከታወቁት የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከኦገስት ክሮግ ዘንድ የሠሩ ባለሙያ ነበሩ። በ1939 ባወጡት ጥናት በወተት ላሞች፣ በሥጋ ከብቶች፣ በአሳማዎችና በዶሮዎች ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች አንድ በአንድ አቀረቡ። ውጤቶቹ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ አልነበሩም። አንዳንዱ ሙከራ ቡቃያው ጠቀመ ሲል ሌላው ልዩነት አላገኘም። ልዩነቱን ለማስረዳት የሚረዳው ከብቶቹ ከቡቃያው ሌላ ምን ይበሉ ነበር የሚለው ጥያቄ ነው። በቂና የተሟላ ቀለብ ለሚያገኝ ከብት ቡቃያው የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው፤ ወራት ሙሉ አረንጓዴ ነገር ላልቀመሰ ከብት ግን ካሮቲኑና ቫይታሚን ኢው ዋጋ አለው። የሊች ጥናት በታተመበት ዓመት ጦርነቱ ተነሣ፤ ቁም ሣጥኑም ለጊዜው ተረሳ።

ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ መሣሪያው ተመለሰ። በ1970ዎቹ በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ የቀረበው ግን ተራ ሣጥን አልነበረም። ግድግዳው ሙቀት እንዳያስተላልፍ ተደርጎ የተሠራ ክፍል ሆኖ፣ ቴርሞስታት፣ የፍሎረሰንት መብራት፣ የውሃ ፓምፕና ርጭቱን በየሰዓቱ የሚያዝ መቈጣጠሪያ ነበረው። በምሕንድስናው በኩል ያማረ ሥራ ነበር። ነገር ግን የመሣሪያው መራቀቅ በፍሬው ውስጥ የሚካሄደውን ቃጠሎ አላስቀረውም፤ ይልቁንም በእህሉ ጉድለት ላይ የኤሌክትሪክንና የጥገናን ወጪ ጨመረበት። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ሲንር ሂሳቡ ይበልጥ ከበደ።

በላቲን አሜሪካ ዘዴው ሌላ አቅጣጫ ያዘ። በአርጀንቲና ካርሎስ አራኖ የተባሉት ባለሙያ ሥራውን ለዓመታት ሲያስተዋውቁ ቆዩ፤ በሳንቲያጎ ያለው የምግብና እርሻ ድርጅት የአካባቢ ቢሮም በ2001 ለአነስተኛ አርቢዎች የሚሆን የአሠራር መመሪያ አወጣ። በዚህ አካባቢ የተስፋፋው ከውድ ክፍል ይልቅ በእንጨት መደርደሪያ፣ በፕላስቲክ ሽፋንና በእጅ መርጫ የሚሠራው ዓይነት ነው።

ስሌቱ

ነገሩን በቁጥር መመልከት ክርክሩን ያሳጥረዋል። ለሥነ ምግብ ዋናው መለኪያ ደረቅ ይዘት ነው፤ ይህም ከመኖው ውስጥ ውሃው ሁሉ ተኖ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ክብደት ማለት ነው። ከመቶ 12 እጅ እርጥበት ያለው አንድ ኪሎ ግራም ገብስ 880 ግራም ደረቅ ይዘት አለው። ይህ ገብስ ስድስት ኪሎ ግራም ቡቃያ ሆነ እንበል። የቡቃያው ደረቅ ይዘት ከመቶ 13 እጅ ቢሆን በጠቅላላው 780 ግራም ይሆናል። ከመነሻው 100 ግራም፣ ማለትም ከመቶ 11 እጅ ጎደለ እንጂ አልተጨመረም። በስድስቱ ኪሎ ውስጥ የቀረው ከአምስት ኪሎ የሚበልጠው ውሃ ነው።

የፕሮቲኑም ነገር እንዲሁ ነው። ከገብሱ ደረቅ ይዘት ከመቶ 11 እጁ ፕሮቲን ቢሆን 97 ግራም ያህል ይሆናል። ቡቃያው የሚያቃጥለው ስታርቹንና ስኳሩን በመሆኑ ይህ 97 ግራም ባለበት ይቈያል ቢባል፣ ለ780 ግራም ሲካፈል ከመቶ ከ12 እጅ በላይ ይመጣል። መቶኛው ከፍ አለ፤ ፕሮቲኑ ግን አልጨመረም። ፕሮቲን አደገ የሚለው የሻጮች ቃል የሚቆመው በዚህ መቶኛ ላይ ነው።

ክብደቱ 400 ኪሎ ግራም የሆነች ላም በቀን 10 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ይዘት ትበላለች። ይህን ሁሉ ከቡቃያ ታግኝ ቢባል በቀን 77 ኪሎ ግራም መቅረብ አለበት። በአንድ ካሬ ሜትር ትሪ 5 ኪሎ ግራም ዘር ተነጥፎ 30 ኪሎ ግራም ቡቃያ ቢሰጥ፣ በስምንት ቀን ዙር ለአንዲት ላም ብቻ 20 ካሬ ሜትር ያህል ትሪና በየቀኑ 13 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ገብስ ያስፈልጋል። ከዚህ የተነሣ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ቡቃያውን በቀን ከጥቂት ኪሎ አሳልፈው አይሰጡም፤ የቀረውን ከድርቆሽና ከጭድ ያሟሉታል።

ሙከራዎቹ የሚያሳዩት ከዚህ የራቀ አይደለም። በካናዳ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒርና ሊሰን በ1985 ባወጧቸው ሁለት ጥናቶች የቡቃያውን ይዘት ቀን በቀን ተከታትለዋል፤ ቡቃያውም ለአሳማና ለዶሮ ከፍሬው የተሻለ መኖ ሆኖ አላገኙትም። በአውስትራሊያ ስኒዝና ማኪንቶሽ በ2003 ስለ ሥጋ ከብት ባቀረቡት ሰፊ ግምገማ፣ በልዩ ልዩ ሙከራዎች የታየው የደረቅ ይዘት ጉድለት ከመቶ ከ7 እስከ 47 እጅ መሆኑን አሳይተዋል። በኢራን ፋዛኤሊና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ጥናት አንድ ኪሎ ገብስ 4.5 ኪሎ ያህል ቡቃያ ሰጥቶ ነበር፤ ቡቃያ የበሉት ጥጆች ግን ካልበሉት የበለጠ ክብደት አልጨመሩም፣ የመኖው ወጪም ከመቶ 24 እጅ ከፍ ብሏል። ከ1866 ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው መሣሪያው ነው፤ ፍርዱ አልተለወጠም።

ሻጋታ

ለቡቃያው የሚስማማው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ሙቀትና እርጥበት የሞላበት አየር ለሻጋታም ምቹ ነው። የተሰበረ ፍሬ፣ ያልታጠበ ትሪ፣ ከመጠን በላይ ወፍሮ የተነጠፈ ዘር ወይም ውሃ የሚያቁር ወለል ካለ ሻጋታው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይዛመታል። ጉዳቱም በምርት መቀነስ አያበቃም። አስፐርጊለስ ክላቫተስ የተባለው ሻጋታ በጎነቆለ እህል ላይ ሲያድግ የነርቭ መርዝ ይፈጥራል፤ በእንዲህ ያለ ቡቃያ የተመረዙ ከብቶች እንደሚንቀጠቀጡ፣ እግራቸው እንደሚተሳሰርና እንደሚወድቁ በ2004 በአውስትራሊያ የወጣ የእንስሳት ሕክምና ዘገባ ገልጿል። የተመረዘ ከብት ፈውሱ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ዘሩን አበጥሮ የተንሳፈፈውን ማስወገድ፣ በተመጠነ በረኪና ማጠብ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘፍዝፎ ማጥለል፣ ትሪውን ከየዙሩ በኋላ ፈግፍጎ ማድረቅ የሥራው ዋና አካል ነው። የሻገተ ትሪ ሻጋታው ተገፎ ለከብት አይሰጥም፤ እንዳለ ይጣላል። ዘሩም ለመዝራት ተብሎ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተለወሰ መሆን የለበትም። ይህ ሁሉ በየቀኑ ያለማቋረጥ የሚከናወን በመሆኑ የሥራው እውነተኛ ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የሰው ጉልበት ላይ ይወድቃል።

በውሃ አልባው ምድር

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ቡቃያው ጥቅም የለውም ተብሎ ይደመደም ነበር። ሚዛኑ ግን ሌላም ገጽ አለው፤ እርሱም ውሃ ነው። የምግብና እርሻ ድርጅት በ2001 ባወጣው መመሪያ አንድ ኪሎ ደረቅ ይዘት ያለው መኖ ለማግኘት ገብስ በሜዳ ላይ 521 ሊትር ውሃ ሲፈልግ ቡቃያው ከ15 እስከ 20 ሊትር ብቻ ይበቃዋል። ለበረሃ አገር ይህ ቁጥር ታላቅ ትርጉም አለው። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት በ2015 አረንጓዴ መኖን በሰፊ እርሻ ማምረት ደረጃ በደረጃ እንዲቆም የወሰነው፣ ለአልፋልፋ የሚቀዳው ጥንታዊ የከርሰ ምድር ውሃ የማይተካ በመሆኑ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎችም ልዩ ልዩ የገብስ ዝርያዎችን ለቡቃያ የፈተኑት በዚሁ የውሃ ችግር ምክንያት ነው።

ሆኖም ይህም ቁጥር ተመርምሮ መነበብ አለበት። 20 ሊትር የተባለው ትሪው ላይ የተረጨው ብቻ ነው። ዘሩ ራሱ በአንድ ሜዳ ላይ ዝናም ወይም መስኖ ጠጥቶ የበቀለ ነው፤ ያ ውሃ በሂሳቡ ውስጥ አልገባም። ገብሱ ዝናም ከሚበዛበት አገር በመርከብ የሚመጣ ከሆነ ውሃው ከዚያ ተከፍሏል፤ ለበረሃው አገር እውነተኛ ቁጠባ ነው። ዘሩም ቡቃያውም ከአንድ ተፋሰስ የሚመነጩ ከሆነ ግን ቁጠባው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ዘዴው ቦታውን ካገኘባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአልጄሪያ ደቡብ ምዕራብ በቲንዱፍ አቅራቢያ የሚገኘው የሣህራዊ ስደተኞች ሠፈር ነው። ስደተኞቹ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሰፈሩበት ምድር ድንጋይና አሸዋ ነው፤ ፍየሎቻቸው የሚግጡት አጥተው ቆሻሻ ይበሉ ነበር። ከስደተኞቹ አንዱ የሆኑት የእርሻ መሐንዲስ ጣሌብ ብራሂም ገብስ ያለ አፈር ለማብቀል የጀመሩትን ሥራ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከ2017 ጀምሮ ደገፈው፤ በኋላም ወደ ሌሎች አገሮች አዳረሰው። ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሰጠው የሥራው አካሄድ ነው። መጀመሪያ የተሞከረው ውድ ዕቃ የሚጠይቅ ዝግ ክፍል ነበር፤ እየቆየ ግን በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ ወደሚሠራና ቤተሰቡ ራሱ ሊጠግነው ወደሚችል ቀላል ዓይነት ተለወጠ። በዚያ ሥፍራ ቡቃያው የሚወዳደረው ከድርቆሽ ወይም ከግጦሽ ጋር ሳይሆን ከካርቶንና ከፕላስቲክ ጋር ነው። እንዲህ ላለ ፍየል ጥቂት ኪሎ ለምለም መኖ ለሕፃናት ወተት ማለት ነው።

የባለሙያው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ዘዴውን መንቀፍም ማወደስም አይደለም። ቡቃያ መኖን አይፈጥርም፤ አንዱን መኖ ወደ ሌላ ይለውጣል፤ ለለውጡም እህል፣ ጉልበትና ንጽሕና ያስከፍላል። ልውውጡ የሚያዋጣው አረንጓዴ መኖ ጨርሶ በማይገኝበት፣ እህሉ በርካሽ በሚደርስበትና የሰው እጅ በማይጠፋበት ሥፍራ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ ገብስ በመጀመሪያ ደረጃ የሰው ምግብ ነው፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ቂጣውና ገንፎው ከእርሱ ነው። ወደ ትሪው የሚገባው እያንዳንዱ ኪሎ ከእነዚህ የተቀነሰ ነው። በከተሞች ዙሪያ ላሉት የወተት ከብት አርቢዎች ደግሞ ቡቃያው የሚወዳደረው ከፋጉሎ፣ ከፉርሽካና ከቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ጋር ነው፤ እነዚህ ደረቅ ይዘታቸው ተሰልቶ በብር ሳይነጻጸሩ ለቡቃያ ክፍል ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ድርቅ በበረታበት ቆላ፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናም ወቅቶች በታጡበት በቦረናም ሆነ በሌላው፣ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ለተራበ ከብት ብዙ እህል በአንድ ጊዜ መስጠት በሆድ ዕቃው አሲድ አብዝቶ ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህ ከጭድ ጋር የሚሰጥ ጥቂት ቡቃያ ለጥጃና ለምታጠባ ላም ሊረዳ ይችላል። መንጋን በሙሉ ከሞት ማትረፍ ግን አይችልም፤ እንዲያ ብሎ ለአርብቶ አደሩ ተስፋ መስጠት በደል ነው።

የቡቃያ መሣሪያ ንድፍ በሚቀርብበት ጊዜ ሁሉ ባለሙያው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ በደረቅ ይዘት ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዘሩ የጠጣው ውሃ ከየት መጣ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ትሪውን በየቀኑ የሚያጥበው ማን ነው፣ እርሱ የታመመ ዕለትስ ማን ይተካዋል የሚል ነው። ለእነዚህ መልስ ለማግኘት አንድ ሚዛን፣ አንድ ማድረቂያ ምድጃና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። ሎዝና ጊልበርት ከዚህ ብዙ የበለጠ መሣሪያ አልነበራቸውም።